ጋሼ ክንፈ እና የስልኩ ሰንጠረዥ

ስልኬ አንድ የምወደው ድምፅ አለው። በጨዋታው ላይ አንዱን ወታደር ከአንድ ቤት አንስቼ ሌላ ቤት ላይ ሳሳርፈው «ጧ» ይላል፤ አጭርና ደረቅ ድምፅ ነው። ጨዋታውን የሠራው ሰው የየት አገር ሰው እንደሆነ አላውቅም፤ መንዝ የሚባል አገር መኖሩንም ላይሰማ ይችላል። ያ ድምፅ ግን የቀንድ ጠጠር ሳንቃ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ድምፅ ነው ብዬ ብምል አላፍርም። በሰማሁት ቁጥር ዘመሮ ያለው ቆርቆሮ ቤቴ ይቀርና ጓሳ ጫፍ ላይ የነበረው የአባታችን የሣር ቤት ይመጣብኛል፤ ክረምቱ፣ በር ላይ የሚተኛው ጉም፣ የእርጥብ የበግ ጠጉር ባና ሽታ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ጺማቸውን የሚያሻሹት አባታችን። ትናንት ከራቤል ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ መጣሁ። የሚያዝያ ጊዮርጊስን አክብሬ፣ ወንድሜን አይቼ፣ እንደለመድኩት ተሸንፌ ነው የተመለስኩት። የዛሬ ዓመት በዚሁ በዓል ሰሞን የሆነውን እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም ነበር። ሲያልፍ የሚረሳ መስሎኝ ነው፤ አልተረሳም፤ እንዲያውም ባሰብኩት ቁጥር እፎይ ያሰኘኛል።

ነገሩ የጀመረው ከሽመልስ ሱቅ ነው። ሽመልስ ዘመሮ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ ይጠግናል። ፊደል ያስቆጠርኩት ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ ሆዱ ወጣ ብሏል፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ እኔን ሲያይ ግን አሁንም ሲጋራውን ከጀርባው ይደብቃል። ሱቁ ያለበት ጥግ በኔ የወጣትነት ዘመን ሻይ ቤት ነበር። መስኮቱ ላይ በክር የተጠለፈ መጋረጃ፣ ባንኮኒው ላይ ባለሦስት ባንድ ራዲዮ። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት ወንድ አስተማሪዎች በቦላሌያቸው መሬት እየጠረጉ፣ አፍሯቸውን በሚዶ እያስተካከሉ፣ እዚያ ተሰልፈው ይቀመጡ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ውሎ የሚመለሰው ገበሬ እነሱን ለማየት በሩ ላይ ይቆም ነበር። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነው፤ ዳቦ ከፈለጉ ሌላ ዐሥር። እኔ ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁትን ቢጫ የናይለን ሻርፕ አድርጌ በዚያ ጥግ ሳልፍ ራዲዮው የሚዘፍነው ለኔ ይመስለኝ ነበር። የዘፈኑን ግጥም ረስቼዋለሁ፤ ክራሩ ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ሻርፑም የት እንደገባ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ቢጫ ነገር አድርጎ መሄድ አላሰኘንም።

እና ስልኬ ቻርጅ አልይዝ ብሎ ሽመልስ ጋ ወሰድኩት። እስኪጠግነው ድረስ የራሱን ስልክ ሰጠኝ። «ቲቸር፣ ዝም ብለው ከሚቀመጡ ይህችን ይሞክሩ» አለ። ሳየው ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ ስምንት በስምንት። ሦስት ሰማያዊ ወታደሮች የኔ ናቸው፤ አንዱ ቀስተኛ፣ አንዱ ፈረሰኛ፣ አንዱ ጋሻ ያዥ። ከላይ ደግሞ ቀያዮቹ ቆመዋል። ሽመልስ «እነዚህ የርስዎ፣ እነዚያ ጠላት» ብሎኝ ወደ ሥራው ዞረ። እኔም ተቀመጥኩና ጠበቅኩ። ቀያዮቹ አይንቀሳቀሱም። ጠበቅኩ። አንድ አውቶቡስ ሞልቶ ሄደ። አንዲት ሴት ሁለት ዶሮ ይዛ መጥታ ስልኳን አስጠግና ሄደች። እኔ ስልኩን በሁለት እጄ እንደ ታቦት ይዤ ቁጭ። በመጨረሻ ሽመልስ አንገቱን አስግጎ አየኝና «ቲቸር፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አለኝ። «እነሱ እስኪጀምሩ» አልኩት። ሽመልስ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። «እነሱም እርስዎን ነው የሚጠብቁት። እርስዎ ካልነኩ እስከ መጪው ጥምቀት ቆመው ይጠብቁዎታል እንጂ አይጀምሩም» አለኝ።

በር ላይ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ዝናብ የሚመታቸው ሰዎች አገር ነው የተወለድኩት። ከስልክ ጋር እንዲያ ስባባል ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ያን ቀን የተለከፍኩት ተለከፍኩ። ጨዋታውን በኔ ስልክ ላይ አስጫንኩት። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ስድሳዎቹን ያገባደደች ጡረተኛ አስተማሪ ጌም ትጫወታለች ብሎ። ይሳቅ። ለምን እንደወደድኩት ግን ልናገር። መጀመሪያ ነገር ትንሽ ነው። ሽሮዬን ጥጄ እጀምራለሁ፤ ሽሮው ሳያር ያልቃል። ወታደሮቹ ጥቂት ስለሆኑ አንዳቸውም ትርፍ አይደሉም፤ ለያንዳንዳቸው በድሮ ተማሪዎቼ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ቀስተኛው ሰነፍ ግን ብልጥ የነበረ ልጅ ስም አለው፤ ከሩቅ መወርወር ይወዳል፣ ሲጠጉት ይሸሻል። ሁለተኛ፣ ጠላት የሚመታበትን ቤት አስቀድሞ በቀይ ፍላጻ ያሳያል። እዚህ ዕድሜ ድረስ ስኖር በየት በኩል ሊመታኝ እንደሆነ አስቀድሞ ያሳየኝ ሰው አልገጠመኝም። ከተመታሁ ያው በራሴ ጥፋት ነው፤ ዕድልን የምረግምበት ምክንያት የለም። ከሁሉ በላይ ግን ይጠብቃል። ባንክ ሄጄ ቁጥሬን እስካስታውስ ከኋላዬ ያለው ሰው ይንቆራጠጣል፤ ሚኒባስ ስሳፈር ረዳቱ «ቶሎ በሉ እማማ» ይለኛል፤ ልጆቼ ስልክ ደውለው የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር እነሱ ይጨርሱልኛል። ይህን ጨዋታ ግን ትቼው ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ አንብቤ ብመለስ እንኳ ሰሌዳው እንደተውኩት ነው። ተራዬ ተራዬ ነው፤ ማንም አይነጥቀኝም።

ለካስ የወደድኩት ሌላም ምክንያት ኖሮት ነው። አባታችን ሰንጠረዥ ያውቁ ነበር። ዛሬ ልጆች ቼዝ ለሚሉት የቀረበ ነው፤ ግን ቼዝ አይደለም። በሰፈራችን የሚያውቁት ሁለት ወይ ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ አባታችን ከአያታችን የወረሱት ነው። ሰሌዳው በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር መስመር የተሰፋበት ነው፤ ከሥሩ ሳንቃ ይደረጋል። ጠጠሮቹ ከቀንድ የተሠሩ ነበሩ፤ ለብዙ ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ የተወሰኑት ጠፍተዋል። የጠፋውን ፈረስ የጥይት ቀለህ ተክቶታል። መደቅ ከሚባሉት ተራ ወታደሮች አንዱ ደግሞ የተቆላ ባቄላ ነበር። ጋሼ ክንፈ ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ አንድ ክረምት በአባታችን ሊሸነፉ ሲቃረቡ ያቺን ባቄላ አንስተው ዋጧት። አባታችን አዩዋቸውና «መልካም፤ ይህ ወታደር የሞተው በጦርነት አይደለም» ብለው ጨዋታውን ቀጠሉ።

የሰንጠረዥ አጀማመር ለየት ይላል። መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በሚችሉት ፍጥነት ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን አንድ ጠጠር እስኪበላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ይሆናል። እኛ የጓሳ ልጆች ስለሆንን ይህ አልከበደንም። የጓሳ ሣር ለዓመታት ተከልክሎ ይኖራል፤ ማንም በግ አያስገባበትም፣ ማንም ለቤቱ ክዳን አንዲት እፍኝ አያጭድም። ሽማግሌዎቹ «ተከፍቷል» ያሉ ቀን ግን ያ ሁሉ ሰው ማጭዱን ይዞ ጫፉ ላይ ሲጠብቅ አድሮ በአንድ ጊዜ ይገባበታል። ወረራ ማለት ለኔ እስከ ዛሬ ያ ቀን ነው።

አባታችን ግን በዚህ ላይ የራሳቸውን ደንብ ጨምረውበት ነበር፤ ከኛ ቤት ውጭ የሚያውቀው አልነበረም። ታላቅ ቀድሞ ጠጠር አይነካም። ታናሹ የመጀመሪያዋን ካላንቀሳቀሰ ወረራው አይከፈትም። «ትልቅ ሰው ጠብ አይጀምርም፣ በጨዋታም ቢሆን» ይሉን ነበር። እሳቸው ከኛ ጋር ሲቀመጡ ግራ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ ጀምሪ ማለት ነው። ቃል አይጨምሩበትም። ጋሼ ክንፈም ከኔ ጋር ሲጫወቱ ያንኑ ያደርጉ ነበር፤ ከቆሎ ትምህርት ቤት በለምዳቸው፣ በአኩፋዳቸው ለክረምት ሲመጡ፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ ጨርቁን ዘርግተው መዳፋቸውን ገልብጠው ይቀመጣሉ። ሌላም የክብር ነገር ነበር። ንጉሡን በፈረስ ወይም በሌላ ትልቅ ጠጠር መያዝ ያው ማሸነፍ ነው፤ ግን የሚያደንቅ የለም። በመደቅ የያዘ ሰው ነው ጎረቤት የሚያወራለት።

ከዚያ ዘመን ዘመንን ተካ። ቤቱ ፈረሰ፣ ዕቃው ተበተነ፣ ጨርቁ የማን ቤት ምን እንደሸፈነ አላውቅም። ጋሼ ክንፈ ዜማ ተምረው መሪጌታ ሆኑ፤ ግሼ ወርደው ራቤል አጠገብ ባለው ደብር ተማሪ ሰብስበው ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። እኔም በጠመኔ ብናኝ ጨረስኩ። ሰንጠረዥን ሁለታችንም አላነሳነውም።

ባለፈው ዓመት፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ ጋሼ ክንፈ ቅኔ ማሕሌት ውስጥ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ሳለ ወደቁ። ሆስፒታል ሰንብተው ሲመለሱ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ ብሏል። ምላሳቸው ደግሞ ጭራሽ ተዘግቷል። እኔ ያኔ ጉልበቴን አሞኝ ስለነበር ወዲያው አልሄድኩም፤ በስልክ ብቻ እከታተል ነበር። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው የሺ በየቀኑ «ያው ናቸው፣ እትዬ» ትለኛለች። ያው ማለት ምን እንደሆነ አልጠይቃትም፤ እፈራለሁ።

ለጊዮርጊስ ስሄድ አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው ዳዊትም መጥቷል። ቤቱ ስገባ ጋሼ ክንፈ በመደቡ ላይ በትራስ ተደግፈው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ፊታቸው የሳቸው ነው፤ ዓይናቸው ግን ግድግዳው ላይ ነው። ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ዓይናቸው ወደኔ መጣና እንደገና ወደ ግድግዳው ሄደ። ያን ያህል ዓመት መቶ ተማሪ በአንድ ጊዜ ሲያዜም የማን ድምፅ እንደሳተ የሚለዩ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ዳዊት መጥፎ ልጅ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር። ምሳ ከቀረበ በኋላ ጉዳዩን አነሳው። «አክስቴ፣ ሰኞ መኪና ይመጣል። አባባን አዲስ አበባ ልወስዳቸው ነው። የሺ ብቻዋን አልቻለችም» አለኝ።

«እሳቸውስ ምን አሉ?» አልኩ፤ እንዴት እንደሚሉ ሳላስብ።

ዳዊት አባቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ያደረገው ግን ለኛ እንጂ ለሳቸው አልነበረም፤ ከሳቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው የተቀመጠው። «አክስቴ፣ አባባ የት እንዳሉ አያውቁም። የት እንዳለ የማያውቅ ሰው የት ቢሆን ምን ይለዋል? እዚያ ቢያንስ ሐኪም ቅርብ ነው።»

ጋሼ ክንፈ ግራ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አወጡና መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። የሺ ወዲያው ተነሥታ ውሃ አመጣች። «እንዲህ ሲያደርጉ ውሃ ፈልገው ነው» አለችኝ። ጽዋውን አስጠጋችላቸው። ጋሼ ክንፈ ትንሽ ቀመሱ፣ ጽዋውን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት፣ መዳፋቸውን መልሰው ገለበጡት። የሺ እንደገና አስጠጋችላቸው። እንደገና ቀመሱ። «ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው፤ ይጠይቃሉ፣ ግን አይጠጡም» አለች። እኔም አየሁ፤ አይቼ ግን ምንም አላሰብኩም። ሐዘን የሚያደነዝዝ ነገር ነው።

ስልኬን ያወጣሁት ለሳቸው ብዬ እንኳ አልነበረም። እጄ ሥራ ሲፈታ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ድምፁ «ጧ» ሲል ጋሼ ክንፈ አንገታቸውን አዞሩ። ዳዊትም አየ። ስልኩን መሐላችን ባለው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩና ጨዋታውን ለሁለት ሰው አደረግሁት፤ እንዲህም ይቻላል፤ ለያንዳንዱ አንድ አለቃና አምስት ወታደር ይሰጠዋል፣ ከወታደሮቹ ዝቅተኞቹ ጦረኞች ናቸው፣ አለቃው ቀድሞ የወደቀበት ተሸነፈ። ሁሌም የሚጀምረው ሰማያዊው ነው። ታላቅም ናቸው፣ በሽተኛም ናቸው ብዬ ክብሩን ለሳቸው ሰጠሁ፤ ሰማያዊውን ወደሳቸው አዞርኩ። አንዱን ወታደር በጣቴ ነክቼ የሚሄድባቸው ቤቶች እንዴት እንደሚያበሩ አሳየኋቸው፤ ቤቱን ሲነኩ እንዴት እንደሚሄድ፣ ተሳስተው እንደሆነ እንዴት እንደሚመልሱት፣ ተራቸውን ሲጨርሱ የስልኩን ጥግ እንዴት እንደሚነኩ። ሁሉንም ሁለት ጊዜ አሳየሁ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይጀምሩ» አልኩ።

ስልኩን አዩት። ብዙ አዩት። እጃቸው ግን አልተነሣም። «ይጀምሩ፣ ይኸው ይህን» እያልኩ ጣታቸውን ይዤ ላስነካ ብል ጣታቸውን ከእጄ አወጡት። ዓይናቸው ከስልኩ ወደኔ፣ ከኔ ወደ ስልኩ ይመላለሳል። በመጨረሻ ያው መዳፋቸውን ገለበጡና ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። የሺ ለውሃ ተነሣች።

«አክስቴ፣ ይበቃል፤ አያስጨንቋቸው» አለ ዳዊት። ተቆጥቶ አይደለም፤ ድምፁ ውስጥ እንባ ነበር። እሱም እኮ ተስፋ አድርጎ ነበር።

ተነሥቼ ወጣሁ። ጓሮው ውስጥ ገብስ ሊዘሩ ያዘጋጁት ቁራጭ መሬት አለ፤ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ከደብሩ በኩል የተማሪ ድምፅ ይመጣል፤ መምህር የሌለው ዜማ፣ መሪ እንዳጣ መንጋ ወዲያና ወዲህ ይላል። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ወንድሜ ሄደዋል፤ እዚህ የቀረው ጋቢያቸው ነው። ጎኔ ያለው ያልተዘራ መሬት ላይ ዓይኔን ጥዬ እንዲሁ ስቆይ፣ ምኑ እንዳነሣሣኝ አላውቅም፣ የሽመልስ ሱቅ ትዝ አለኝ። ስልኩን እንደ ታቦት ይዤ የተቀመጥኩት፣ ዶሮ የያዘችው ሴት። «ምን እየጠበቁ ነው?» ያለኝ። «እነሱ እስኪጀምሩ» ያልኩት።

እዚያ አጥር ሥር ቆሜ የራሴን ግራ እጅ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጬ አየሁት።

እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም፤ የታመመውን ጉልበቴን ረስቼዋለሁ። ቤት ስገባ የሺ አሁንም ጽዋውን ይዛ ቆማለች። «አንቺዬ፣ ውሃውን መልሺው። የጠየቁት ውሃ አይደለም» አልኳት። ከጋሼ ክንፈ ፊት ተቀመጥኩ። ስልኩን አዞርኩት፤ ሰማያዊው ወደኔ፣ ቀዩ ወደሳቸው። አንዱን ጦረኛ ነካሁና አንድ ቤት ወደ ፊት ገፋሁት። «ጧ» አለ። ጥጉን ነካሁ።

ጋሼ ክንፈ መዳፋቸውን ከጉልበታቸው አነሡ። በቀስታ፣ በግራ እጃቸው ሌባ ጣት፣ ፈረሰኛቸውን ነኩ። ቤቶቹ አበሩ። ጣታቸው ሳተና ሌላ ቤት ነካ፤ እኔ ሳልረዳቸው መልሰው አስተካከሉት፤ ልክ እንዳሳየኋቸው። «ጧ»። ከዚያ ጥጉን ነክተው እጃቸውን ሰበሰቡና አዩኝ። ግድግዳውን አይደለም፤ እኔን። ያን አስተያየት የት እንደማውቀው ልንገራችሁ? ባቄላዋን የዋጡ ዕለት ነው።

የሆነውን ሁሉ አልተርከውም፤ ጨዋታውን እስከ ግማሹ ድረስ በእንባ አላየሁትም። መጫወት ግን ተጫወቱ። የኔን ቀስተኛ ከሩቅ እየወረወረ ሊያስቸግራቸው ሲል በጋሻ ያዣቸው አፈኑት። ጦረኞቼን አንድ በአንድ ነጥለው በሉ። አንዷን ርምጃ ለማሰብ ብዙ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ስልኩ ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ዳዊት ከኋላ መጥቶ በጉልበቱ ተንበረከከ። መጀመሪያ ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚያየው። ትንሽ ቆይቶ ግን እንደማንኛውም የሰንጠረዥ ተመልካች አፉ አልያዝ አለው። «አባባ፣ በፈረሰኛው! አክስቴ አለቃቸውን ከፍተውታል፣ በፈረሰኛው ይግቡ» አለ። ጋሼ ክንፈ ዞር ሳይሉ ግራ መዳፋቸውን ወደሱ አቀኑ፤ ዝም በል። ዳዊት ዝም አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተቆጥተውት፣ እንዲህ እያለቀሰ ደስ ያለው ልጅ አይቼ አላውቅም።

ደግሞ የዳዊት ምክር ልክ ነበር። ፈረሰኛው አለቃዬን በዚያችው ተራ መጣል ይችል ነበር። ጋሼ ክንፈ ግን ፈረሰኛቸውን ትተው ከኋላ የነበረ አንድ ተራ ጦረኛ አንቀሳቀሱ። እኔ ሸሸሁ። ጦረኛውን እንደገና አስጠጉ። እኔ መሸሻ አጣሁ። አለቃዬን የጣለው ያ ከሁሉ የሚያንሰው ወታደር ነው። ስልኩ የማሸነፊያ ሙዚቃውን ዘፈነ፤ ስልኩ በመደቅ ማሸነፍ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እዚያ ቤት ውስጥ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ጋሼ ክንፈ የሚታዘዘው ግማሽ ፊታቸው ፈገግ አለ።

ዳዊት ከተንበረከከበት ሳይነሣ የአባቱን ጉልበት ያዘ። «አባባ፣ ሰኞ አዲስ አበባ ይሄዳሉ ወይስ እዚሁ?» ሲል ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ከዚያ ቀን በፊት ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔም ጭምር። ጋሼ ክንፈ ተራቸው መሆኑን እንዳዩ ሁሉ ብዙ አሰቡ። ቀጥሎ ጣታቸውን አንሥተው ወደ በሩ፣ የተማሪዎቹ ድምፅ ወደሚመጣበት ወደ ደብሩ አመለከቱ። ሰኞ መኪናው መጣ፤ ዳዊት ብቻውን ተሳፍሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለየሺ የምታግዛት ሰው ቀጥሮላታል፤ ሐኪም ዘንድ የሚታዩትም እየተመላለሱ ነው።

ይኸው ዓመት ሆነ። ምላሳቸው አልተፈታም፤ ይፈታል ብዬ ራሴን አላታልልም። ግን ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹ እደጃቸው መጥተው ያዜማሉ። እሳቸው በግራ እጃቸው ጣት ምቱን ይመታሉ፤ የሳተ ካለ መዳፋቸውን ወደሱ ያቀኑና ሁሉም ይቆማል። የተማሪዎቹ ዜማ መሪ አግኝቶ ሰብሰብ ብሏል። መዳፋቸውን ገልብጠው ካሳረፉት ደግሞ «ጀምር» ነው። ይህን ቋንቋ አሁን ሰፈሩ ሁሉ ይናገረዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው በገባ ቁጥር «ጀምሩ፣ አዋሩኝ» እያሉ ነበር፤ እኛ ውሃ እንሰጣቸው ነበር። ይህን ሳስብ መጀመሪያ ያመኝና ወዲያው ደግሞ ያ ያለፈ መሆኑ ትከሻዬን ያቀለዋል።

ዘንድሮ ለጊዮርጊስ ስሄድ ተንኮል አሰብኩ። ስልኩን መሐላችን አስቀምጬ ሰማያዊውን ወደኔ አዞርኩና እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። እስቲ አሁን አልጀምርም፣ ማን እንደሚሰለች እንይ አልኩ። ጋሼ ክንፈ አዩኝ። መዳፋቸውን ገለበጡ። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም። ስልኩም ዝም። የሺ ከጓዳ ብቅ ስትል የአባቷን እጅ አየች፣ የቀድሞ ልማዷ አሳታትና ውሃ ሞልታ አቀረበችላቸው። ጋሼ ክንፈ ጽዋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዓይናቸው ውስጥ ያ የባቄላው ልጅ ብልጭ አለ። ጽዋውን ተቀብለው እስከ ታች ጨለጡት። መልሰው ለየሺ ሰጧትና መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ገለበጡ።

ጀመርኩ።